የወፍራሙ ድምፅ ጥላ፦ ለቤዝ ጊታር የኦክታቭ ፔዳል አመራረጥ

በአንድ የሙዚቃ ቡድን ውስጥ ቤዝ ጊታር ያለው ቦታ በጎጆ ቤት ውስጥ ምሰሶ ካለው ቦታ ጋር ይመሳሰላል ቢባል ንጽጽሩ የተለመደ ይሆናል እንጂ ሐሰት አይሆንም። እንግዳ ሲገባ ዐይኑ የሚያርፈው በመጋረጃው፣ በሥዕሉና በወንበሩ ላይ ነው፤ ምሰሶውን የሚያስተውለው ጣራው ማዘንበል ሲጀምር ብቻ ነው። አድማጭም እንደዚሁ ድምፃዊውን፣ ሳክስፎኑንና ኪቦርዱን በስም እየጠራ ያወድሳል፤ ወፍራሙ ድምፅ ግን የሚታወሰው ሲጠፋ ነው። በመሆኑም የቤዝ ጊታር ተጫዋች በእግሩ ስለሚረግጣት አንዲት ትንሽ ሣጥን በሥነ ጥበብ መጽሔት ገጽ ላይ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢያን ትርፍ ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል። «ይህ የሱቅ ጉዳይ ነው» የሚሉም ይኖራሉ። ይህ ጸሐፊ በዚህ አስተያየት አይስማማም። ሠዓሊ ቀለሙን፣ ዜመኛ ቅኝቱን፣ ጸሐፌ ተውኔት የገጸ ባሕርዩን አነጋገር ሲመርጥ የሚሠራው ሥራ የኀያሲ ሥራ ነው፤ ይህን ወስዶ ያንን ሲተው ፍርድ ሰጥቷል። ፍርድ ባለበት ስፍራ ሁሉ ደግሞ ሂስ ሊገባ ይገባል።

አስቀድሜ አቋሜን ላስታውቅ። ኦክታቭ ፔዳል ሊመረጥ የሚገባው የተጫዋቹን እጅ በሚከተልበት ታማኝነትና ለሌሎቹ ድምፆች በሚተወው ቦታ ነው። ብዙ ጊዜ ግን የሚመረጠው በሱቅ ውስጥ መስኮት እስኪንቀጠቀጥ በማጓራቱ ነው።

ለመሆኑ ኦክታቭ ምንድን ነው? የሙዚቃ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ ሰው እንኳ ነገሩን በሠርግ ቤት ያውቀዋል። ወንዶችና ሴቶች፣ ሕፃናትም ጭምር፣ አንዱን ዘፈን በኅብረት ሲቀበሉ የወንዶቹ ድምፅ ከሴቶቹ በታች ይሄዳል፤ ሆኖም ሁለት ዜማ ሰማሁ የሚል ሰው የለም። ዜማው አንድ ነው፤ የሚለየው ወለሉ ነው። በላይኛውና በታችኛው ወለል መካከል ያለው ርቀት ኦክታቭ ይባላል። በቁጥር ሲገለጽ፣ የላይኛው ድምፅ በሴኮንድ የሚርገበገብበት መጠን የታችኛው እጥፍ ነው ማለት ነው። በመደበኛው አቃኘት የቤዝ ጊታር አራት ክሮች ከወፍራሙ ጀምሮ ሚ በሴኮንድ 41.2 ጊዜ፣ ላ 55 ጊዜ፣ ሬ 73.4 ጊዜ፣ ሶል 98 ጊዜ ይርገበገባሉ። የላ ክር አንድ ኦክታቭ ዝቅ ሲል 27.5 ላይ ያርፋል፤ ይህም በፒያኖ ገበታ ላይ የግራው ጫፍ የመጨረሻው ቁልፍ ድምፅ ነው። የኦክታቭ ፔዳል ተግባሩ ይኸው ነው፤ ተጫዋቹ አንድ ድምፅ ሲያሰማ መሣሪያው ያንኑ ድምፅ አንድ ወይም ሁለት ወለል ዝቅ አድርጎ፣ አንዳንዱም ከፍ አድርጎ፣ ከጎኑ ያሰልፈዋል።

እዚህ ላይ ለቅኝታችን ልዩ ትርጉም ያለው አንድ ጉዳይ አለ። በገበያ ላይ ለእያንዳንዱ ድምፅ ሦስተኛውን ወይም አምስተኛውን ደረጃ የሚጨምሩ ሌሎች መሣሪያዎችም አሉ። እነዚህን በትዝታ ላይ ብናውላቸው ምን ይሆናል? የትዝታ ዋናው መልክ ከዶ ሲጀመር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። መሣሪያው በእያንዳንዱ ላይ አምስተኛውን ይጨምር ቢባል ከሚ በላይ ሲ ይመጣል፤ ሲ ደግሞ በዚህ ቅኝት ውስጥ ቤት የሌለው እንግዳ ነው። በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬም እንደዚሁ ያልተጠሩ እንግዶች እየገቡ ማዕዱን ያምሱታል። ኦክታቭ ግን ዶን ዶ ብሎ፣ ላን ላ ብሎ ይመልሳል፤ አምስት ሆኖ የገባው አምስት ሆኖ ይወጣል። ድምፅ እያበዛ ከቅኝቱ ጋር የማይጣላ መሣሪያ ነው። (ገጣሚ ሆኜ ሳለሁ ነገሩን ከሰምና ወርቅ ጋር ሳላነጻጽር ማለፌ ይታወቅልኝ፤ ሁሉን ነገር በሰምና ወርቅ መመሰል ሰሙንም ወርቁንም ካረከሰብን ቆይቷል።)

የመሣሪያው ታሪክ ከቤዝ አልተጀመረም። ቤዝ ጊታር ራሱ ወጣት ነው፤ ሊዮ ፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝ የተባለውን በካሊፎርኒያ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1951 ነበር። ከዐሥራ ስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1967፣ ጂሚ ሄንድሪክስ «ፐርፕል ሄዝ» በተባለው ሥራው ላይ እንግሊዛዊው ሮጀር ሜየር የሠራለትን ኦክታቪያ የተባለ መሣሪያ በነጠላ ጨዋታው ተጠቀመበት። ያ መሣሪያ ድምፁን የሚወስደው ወደ ላይ ነበር። ወደ ታች የሚወስዱት በ1970ዎቹ ተከተሉ፤ የኤም.ኤክስ.አር. ፋብሪካ ብሉ ቦክስ ለምሳሌ ድምፁን አሻክሮ ሁለት ኦክታቭ ያወርድ ነበር። ለቤዝ ተጫዋቾች ግን መንገዱን የጠረገው የጃፓኑ ቦስ እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው ቡናማው ኦሲ-2 ነው። ሦስት ማዞሪያዎች ብቻ አሉት፤ አንዱ ለተጫዋቹ ለራሱ ድምፅ፣ አንዱ ለአንድ ኦክታቭ ዝቅታ፣ አንዱ ለሁለት ኦክታቭ ዝቅታ። እስከ 2003 ድረስ ተሠርቷል።

ይህ መሣሪያ በወጣ በዓመቱ ምን ሊሠራበት እንደሚችል አንድ ሰው አሳየ። የዌልሱ ተወላጅ ፒኖ ፓላዲኖ፣ ፖል ያንግ በ1983 ባስቀረጸው «ዌርኤቨር አይ ሌይ ማይ ሃት» በተባለው ዘፈን ላይ ፍሬት በሌለው ቤዝ ጊታርና በኦክታቭ ፔዳል ተጫወተ። ዘፈኑ በዚያው ዓመት በብሪታንያ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። የሚገርመው ግን ማሸነፉ አይደለም። በዘፈኑ መግቢያ ላይ ቀድሞ የሚናገረው ቤዙ ነው፤ ድምፃዊው አፉን ሳይከፍት ቤዙ በላይኛው የአንገት ክፍል ላይ እንደ ሰው ድምፅ እየተንሸራተተ ያዜማል። ቤዝ ወደ ላይ ሲወጣ ታቹ ባዶ ይቀራል፤ ቤቱ ያለ ወለል ይሆናል። እዚህ ላይ ግን ወለሉ አልጠፋም፤ አካሉ ወደ ላይ ሲወጣ ጥላው ከታች ቆሞ ቦታውን ይጠብቃል። ፓላዲኖ መሣሪያውን የተጠቀመበት ድምፁን ለማወፈር አልነበረም ማለት እደፍራለሁ፤ የተጠቀመበት ወደ ላይ ለመውጣት ነፃነት እንዲያገኝ ነው። ኦክታቭ ፔዳል የሚገዛ ወጣት ይህን ዘፈን አንድ ጊዜ ቢያዳምጥ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ይማርበታል።

አሁን ወደ አሠራሩ እንለፍ። የቀድሞዎቹ መሣሪያዎች፣ ኦሲ-2ን ጨምሮ፣ የሚሠሩት በመቁጠር ነው። በጠባብ በር ላይ የቆመና ሁለት ሰው ባለፈ ቁጥር አንድ ጠጠር የሚጥል ቆጣሪን እናስብ። መሣሪያው የክሩን እርግብግቢት እየቆጠረ በየሁለቱ አንድ ያወጣል፤ በሴኮንድ 110 የገባው 55 ሆኖ ይወጣል። ሰዎቹ አንድ በአንድ እስካለፉ ድረስ ቆጣሪው አይሳሳትም። ሁለት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው ሲመጡ ግን፣ ይኸውም ተጫዋቹ ሁለት ክር በአንድ ጊዜ ሲመታ፣ ጠጠሩን መቼ እንደሚጥል ግራ ይገባዋል። ሰዎቹ ከርቀት እግራቸውን እየጎተቱ ቀስ ብለው ሲያልፉም፣ ማለትም ድምፁ እየሞተ ሲሄድ፣ እንደዚሁ ይደናገራል፤ ያን ጊዜ ከመሣሪያው የሚወጣው እንደ ጉንፋናም ሰው የሚንተባተብ ድምፅ ነው። ይህ ባሕርይ ሞኖፎኒክ ይባላል፤ አንድ ድምፅ በአንድ ጊዜ ብቻ።

ኋላ የመጡት ኮምፒዩተራዊ መሣሪያዎች ሌላ ዘዴ አላቸው። የአሜሪካው ኤሌክትሮ ሃርሞኒክስ ፖግ በሚለው ስም ያወጣቸው፣ ከእነርሱም መካከል ባለ ሦስት ማዞሪያው ማይክሮ ፖግ፣ ብዙ ድምፆችን በአንድ ጊዜ ተቀብለው ሁሉንም ወደ ታችና ወደ ላይ ያባዛሉ። እነዚህን ከቆጣሪ ይልቅ ገጹን አንብቦ ከሚገለብጥ ጸሐፊ ጋር ማመሳሰል ይቀላል። ጸሐፊው ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ቢናገርም አይደናገርም፤ ነገር ግን ለማንበብ ጊዜ ይፈልጋል። ይህ ጊዜ በሺኛ ሴኮንዶች የሚቆጠር ነው፤ ለአድማጭ አይታወቅም፣ ለተጫዋቹ ጣት ግን ይታወቃል። የሚ ክር አንድ ሙሉ እርግብግቢት ለመጨረስ ራሱ 24 ሺኛ ሴኮንድ ያህል እንደሚፈጅበት ሲታሰብ፣ በወፍራሙ ክር ላይ መሣሪያው ቢዘገይ ጥፋቱ የመሣሪያው ብቻ አይደለም፤ የተፈጥሮም ነው።

ተፈጥሮን ካነሣን አይቀር፣ ብዙ ገዢዎች ሳያስቡት የሚያልፉት ወሰን እዚህ አለ። የሰው ጆሮ የሚሰማው የመጨረሻ ዝቅተኛ ድምፅ በሴኮንድ 20 ገደማ ነው። የሚ ክር አንድ ኦክታቭ ሲወርድ 20.6 ይሆናል። ስለዚህ ተጫዋቹ የመጨረሻውን ወፍራም ክር ባዶውን መትቶ ፔዳሉን ቢረግጥ የሚያገኘው ነገር ድምፅ ከመባል ይልቅ መንቀጥቀጥ ቢባል ይሻላል። አምስተኛ ክር ጨምሮ በ30.9 የሚርገበገበውን ሲ የያዘ ሰውማ ከዚያ በታች የሚያወርደው ወደ መቃብር ነው። ከዚህም ሌላ አብዛኞቹ የቤዝ ስፒከሮች ከ40 በታች ሲወርዱ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። አምፕሊፋየሩ ኃይሉን የማይሰማ ነገር ለመግፋት እየጨረሰ፣ የሚሰማው ድምፅ ይከሳል፤ ተጫዋቹ «አልሰማ አልኩ» ብሎ ሲጨምር ይብሱን ይከሳል። አዳራሹም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። በ27.5 የሚርገበገብ ድምፅ የአንድ ሞገዱ ርዝመት 12 ሜትር ተኩል ያህል ነው። በአንዲት ጠባብ የልምምድ ክፍል ውስጥ ይህ ሞገድ እንደ ልቡ ሊዘረጋ አይችልም፤ አንዱ ጥግ ላይ ይከመራል፣ ሌላው ጥግ ላይ ይጠፋል። አንድ ነገር ልጨምር፤ የመብራት ኃይላችን በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው። የሶል ክር ባዶውን ተመትቶ አንድ ኦክታቭ ሲወርድ 49 ላይ ያርፋል። ገመዱ ወይም መሬት መያዣው ደህና ባልሆነ መድረክ ላይ የኤሌክትሪኩ እምምታና የቤዙ ጥላ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ የሚሰማውም የሁለት ሰዎች ጭቅጭቅ ዓይነት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው መደምደሚያ ግልጽ ነው። ኦክታቭ ፔዳል ከላይኛው የአንገት ክፍል ጋር ተስማምቶ የሚኖር መሣሪያ ነው። ከአምስተኛው ፍሬት በላይ፣ በተለይም በሬና በሶል ክሮች ላይ ሲጫወቱበት፣ ጥላው ተራ ቤዝ ጊታር በሚኖርበት ወለል ላይ ያርፋል፤ ይሰማል፣ ይለያል። ከታች ሲጫወቱበት ግን ጥላ ጨለማ ውስጥ እንደማይታይ ሁሉ አይታይም።

ዝቅ ያለ ድምፅ እንዴት እንደሚሰማ ለመረዳት ከበገና የተሻለ መምህር አላውቅም። በገና ዐሥር አውታር ያለው ወፍራም ድምፅ መሣሪያ ነው፤ ሆኖም ያለ ማጉያ በአንድ ቤት ውስጥ ሲደረደር እያንዳንዱ ምት ተለይቶ ይሰማል። ምሥጢሩ እንዝራ የሚባለው በአውታሩና በድልድዩ መካከል የሚገባው ቁራጭ ቆዳ ነው። አውታሩ እንዝራውን እየነካካ የሚያወጣው ዝዝታ ከመሠረታዊው ድምፅ በላይ ያሉትን ብዙ ረቂቅ ድምፆች ይወልዳል። ጆሮ እነዚህን ረቂቆች ሰብስቦ መሠረቱን ራሱ ያቆመዋል፤ መሠረቱ ቢደክም እንኳ ከልጆቹ መልክ አባቱን ያውቀዋል። በገና ሠሪዎቹ ይህን የደረሱበት ያለ ቁጥር ነው። ከዘመናዊዎቹ ፔዳሎች ውስጥ ይህን ጉዳይ በግልጽ ያሰበበት የኤም.ኤክስ.አር. ቤዝ ኦክታቭ ዴሉክስ ይመስለኛል። መሣሪያው ያንኑ አንድ ኦክታቭ ዝቅታ በሁለት የተለያዩ ማዞሪያዎች ያቀርባል፤ ግሮውል የተባለው ዝቅታውን ከነሻካራው መካከለኛ ድምፁ ያሰማል፣ ገርዝ የተባለው ደግሞ ለስላሳውንና ጥልቁን ብቻ ያወጣል። የመጀመሪያው እንዝራ ያለው በገና ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በሱቅ ውስጥ ሰዎችን የሚማርከው ሁለተኛው ነው፤ በመድረክ ላይ ከከበሮና ከሳክስፎን መካከል ተለይቶ የሚሰማው ግን የመጀመሪያው ነው።

በአንድ ሙዚቃዊ ተውኔቴ ልምምድ ላይ ይህንኑ ለመታዘብ ዕድል አግኝቼ ነበር። ቡድኑ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ከበሮና ቤዝ ጊታር ብቻ ነበር። በአንድ ትዕይንት ላይ የሞተው አባት ድምፅ ከመጋረጃ ጀርባ ይመለሳል፤ ልጁ መድረክ ላይ ብቻውን ቆሞ ያዜማል። ጊታሪስቱ ሁለት ፔዳሎች ተውሶ መጣ፤ አንዱ ቆጣሪው ዓይነት፣ ሌላው ብዙ ድምፅ የሚያባዛው። ብዙ ድምፅ የሚያባዛው ንጹሕ ነበር፤ እንደ ኦርጋን ያለ የማይሳሳት ጥላ ሰጠን። ቆጣሪው ግን በእያንዳንዱ ድምፅ መጨረሻ ላይ ትንሽ ይንገዳገድ ነበር፤ ድምፁ ሊጠፋ ሲል እስትንፋስ እንዳጠረው ሽማግሌ ይሰበራል። የሞተውን አባት የሰማነው በዚህ መሰበር ውስጥ ነው። አዘጋጁም ተዋንያኑም ሳይመካከሩ ያንን መረጡ። በሌላ ተውኔት ላይ ንጹሑን እንመርጥ ይሆናል፤ ነገሩ የሚወሰነው ድምፁ ምን እንዲናገር በመፈለጋችን ነው።

የመንገዳገዱን ነገር በዚህ ብቻ አንለፈው፤ በእኛ ሙዚቃ ውስጥ ከእጅ አጨዋወት ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነውና። ቤዝ ተጫዋቾቻችን ዜማውን ተከትለው መሄድ፣ በድምፆች መካከል መንሸራተትና ፈጣን ማስዋቢያ ጣል ማድረግ ይወዳሉ። ቆጣሪው መሣሪያ ይህን ሁሉ አይታገሥም። ጣት ከአንዱ ክር ሳይነሣ ሌላው ክር ከተመታ ሁለቱ ይደራረባሉ፤ መሣሪያውም ይስታል። አንቺ ሆዬን በመሰለ፣ የግማሽ ደረጃ ርቀት ያላቸው ጎረቤታሞች ባሉበት ቅኝት ደግሞ ብዙ ድምፅ የሚያባዛው መሣሪያ ችግር ያመጣል። 55 እና 58.3 ላይ ያሉ ሁለት ጎረቤታሞች ለአፍታ ቢደራረቡ፣ ከታች 27.5 እና 29.1 ሆነው ይወርዳሉ፤ ልዩነታቸው በሴኮንድ ከሁለት ያነሰ ነው። ይህ ልዩነት እንደ ሁለት ድምፅ አይሰማም፤ አንድ ድምፅ እያበጠና እየሟሸሸ እንደሚሄድ ነው የሚሰማው። እንግዲህ ሁለቱም መሣሪያዎች ከተጫዋቹ አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ ድምፁን መጀመር ብቻ ሳይሆን መጨረስም እንዲያውቅ። የግራ እጁ የማይፈለገውን ክር በጊዜው ማፈን፣ የቀኝ እጁም ምቱን እኩል ማድረግ አለበት። አንዱ የሚቀጣው በመንተባተብ፣ ሌላው በድፍርስነት መሆኑ ነው ልዩነቱ። እንደ እኔ እምነት መንተባተቡ የተሻለ ቅጣት ነው፤ ወዲያውኑ ይሰማል፣ ተማሪውንም ወዲያውኑ ያርመዋል። ድፍርስነት ግን ለዓመታት ሳይታወቅ አብሮ ሊኖር ይችላል።

ብዙ ድምፅ የሚያባዛውን ዓይነት ጨርሶ የሚነቅፍ ሰው ግን ፍትሕ ያጓድላል። ሁለት ሰዎች ብቻ ሆነው፣ ቤዝና ከበሮ ይዘው፣ ጊታር የሌለው የሮክ ቡድን ያቆሙት የብሪታንያዎቹ ሮያል ብለድ በ2014 የመጀመሪያ አልበማቸውን ሲያወጡ፣ የቤዙ ድምፅ ወደ ላይ ተባዝቶ የጊታሩን ወንበር እንዲይዝ አድርገውታል። በተቃራኒው ደግሞ የዋይት ስትራይፕስ «ሰቨን ኔሽን አርሚ» በ2003 ሲወጣ ዓለም ሁሉ የቤዝ ጊታር ነው ብሎ ያንጎራጎረው መግቢያ በተራ ጊታር የተጫወቱት ነው፤ ጃክ ዋይት ዋሚ በተባለ ፔዳል አንድ ኦክታቭ አውርዶታል። ቡድኑ ቤዝ ተጫዋች አልነበረውም። ከእነዚህ ሁለት ምሳሌዎች እንደምንረዳው መሣሪያው የጎደለ ሰው ቦታ መሙያም ይሆናል።

በዚህች ነጥብ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ፤ ለእኛ የሚያሳስበው እዚህ ላይ ነውና። መላከ ገብሬ ከዋልያስ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው «ቸ በለው» ላይ፣ ጆቫኒ ሪኮም ከሮሐ ባንድ ጋር በብዙ ድምፃውያን ሥራዎች ላይ ሲጫወቱ፣ ቤዝ በሙዚቃችን ውስጥ የራሱ አነጋገር ያለው ገጸ ባሕርይ ነበር። ከ1980ዎቹ (ዓ.ም.) ወዲህ በተሠሩት ብዙዎቹ ካሴቶቻችን ላይ ግን ወፍራሙ ድምፅ ወደ ኪቦርዱ ግራ እጅ ተዛወረ። ምክንያቱን አልንቅም፤ አንድ ሰው ከአራት ሰው ይረክሳል። ሲንቴሳይዘሩ ደግሞ የሚያወጣው ወፍራም ድምፅ የሚያጓጓ ነበር፤ በርኒ ዎረል በ1977 በፓርላመንት «ፍላሽ ላይት» ላይ በሚኒሙግ የተጫወተውን የሰማ ሁሉ ይህን ያውቃል። የጠፋው ነገር ጣት ነው። ኪቦርድ ከድምፅ ወደ ድምፅ በደረጃ ይዘላል፤ ክር ግን ይንሸራተታል፣ ይሳባል፣ በጣት ሥር ይንቀጠቀጣል። ቅኝታችን ደግሞ ከመዝለል ይልቅ በመሳብ ይኖራል።

ኦክታቭ ፔዳል ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? የኦሲ-2 ዓይነቱ መሣሪያ የተጫዋቹ ራሱ ድምፅ ተዘግቶ ጥላው ብቻ ሲቀር የሚያወጣው ድምፅ ከሲንቴሳይዘር ቤዝ ጋር እጅግ የቀረበ ነው። ያን ክብና ድፍን ድምፅ ያወጣል፤ ነገር ግን የሚመራው ጣት ነው። መንሸራተቱ አለ፣ መሳቡም አለ። ስለዚህ አዘጋጁ «የኪቦርዱን ድምፅ ነው የምፈልገው» ሲል ቤዝ ተጫዋቹ «እኔም ልሰጥህ እችላለሁ» ለማለት የሚያስችለው ክርክር በእግሩ ሥር አለ ማለት ነው። ኑሮውን በስቱዲዮና በምሽት ቤት ለሚገፋ ባለሙያ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ክርክሩ የሚያዋጣው ግን በቁጠባ ሲጠቀሙበት ነው። ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ፔዳሉን ረግጦ የሚተው ተጫዋች፣ መዘምራኑን በሁሉም ትዕይንት መድረክ ላይ አቁሞ እንደሚያስጮህ አዘጋጅ ነው። በቀስታ ትዝታ ላይ፣ ድምፃዊው በዝቅተኛው ድምፁ በሚያንጎራጉርበት ቦታ፣ ጥላው የሰውየውን አፍ ይሸፍናል። በመሣሪያዎች መቀባበያ ላይ፣ ሳክስፎኑ ሲያርፍና ቤዙ ወደ ላይ ሲወጣ ግን ቦታው የእርሱ ነው።

እንግዲህ ለመግዛት የተነሣ ሰው ምን ያድርግ? በመጀመሪያ የሱቁን ቤዝ ሳይሆን የራሱን ይዞ ይሂድ፤ መሣሪያው የሚቆጥረው የእርሱን ክሮችና የእርሱን ምት ነውና። በራስ ማድመጫ ሰምቶ አይፈርድ፤ በመድረክ ላይ በሚጠቀምበት ዓይነት ስፒከር ይሞክር። የራሱን ድምፅ ማዞሪያ ሙሉ በሙሉ ዘግቶ፣ ጥላውን ብቻ ትቶ፣ በሶል ክር ከዐሥራ ሁለተኛው ፍሬት ጀምሮ አንድ በአንድ ይውረድ፤ ከዚያም ወደ ሬ፣ ወደ ላ ይለፍ። መሣሪያው የት ላይ መንተባተብ እንደሚጀምር ያስተውል። እዚያች ቦታ ላይ የመሣሪያው ግዛት ያበቃል፤ ግዛቱ የእርሱን ዘፈኖች ካልሸፈነ ዋጋው ቢረክስም አይጠቅመውም። ቀጥሎም የሚያውቀውን አንድ የባቲ ዜማ ከነማስዋቢያው ይጫወት፤ በሱቅ ውስጥ ሁሉም ሰው የሚጫወተውን የፈንክ ምት ሳይሆን። ሻጩ ቢሰለች ይሰልች።

ኦሲ-2 ዛሬ የሚገኘው ያገለገለ ሆኖ ብቻ ነው። ቦስ በ2003 በኦሲ-3 ተክቶት፣ በ2020 ደግሞ ኦሲ-5ን አውጥቷል። ይህ የመጨረሻው የቀድሞውን የቆጣሪ ድምፅና ብዙ ድምፅ የሚያባዛውን ዘዴ በአንድ ሣጥን ይዟል፤ ጊታርና ቤዝ የሚለይበት ማብሪያም አለው። ሁለቱን ዓይነት ለመማር ለሚፈልግ ጀማሪ ኦሲ-5ን፣ ድምፁ በሕዝብ መካከል ተለይቶ እንዲሰማ ለሚፈልግ የመድረክ ሰው የኤም.ኤክስ.አሩን፣ ያለ ኪቦርድ በሁለት ወይም በሦስት ሰው ለሚሠራ ደግሞ የፖግን ቤተሰብ እመርጣለሁ። ያገለገለውን ኦሲ-2 ለማግኘት ከመጠን በላይ መክፈል ግን ለሙዚቃ ሳይሆን ለቅርስ መክፈል ነው።

ያገለገለውን የሚገዛ ሰው ስለ ኤሌክትሪኩ ይጠንቀቅ። የቀድሞዎቹ ኦሲ-2ዎች የሚጠይቁት የኃይል አስማሚ ከኋለኞቹ የተለየ ነው፤ ዛሬ በተለመደው ባለ 9 ቮልት አስማሚ ሲሰኩ ደክመው ይሠራሉ። ከጃፓን የመጣ አስማሚ ለ100 ቮልት፣ ከአሜሪካ የመጣ ለ120 ቮልት ተሠርቶ ሊሆን ይችላልና ጽሑፉን ሳያነቡ በእኛ 220 ላይ መሰካት ዕቃውን ማቃጠል ነው። በእግር ሥር ሲደረደሩ ኦክታቩ ከሚያሻክሩትና ማሚቶ ከሚሰጡት መሣሪያዎች ሁሉ ቀድሞ ይቁም፤ ንጹሕ ድምፅ ካልደረሰው መቁጠር አይችልም። በባትሪ የሚጠቀሙበትም የጊታሩ ገመድ በመግቢያው እንደተሰካ እስከቆየ ድረስ፣ መብራቱ ጠፍቶም ቢሆን፣ ባትሪው ይጨርሳልና ከልምምድ በኋላ ገመዱን ይንቀሉ።